የሞዘል ሪስሊንግ ደሴ ሲገባ፦ ጠርሙሱን ማንበብ፣ ማቀዝቀዝ፣ ከበርበሬ ጋር ማስማማት

የሞዘል ሪስሊንግ ጀርመን አገር ካለው የሞዘል ወንዝ ሸለቆ የሚመጣ፣ ሪስሊንግ ከሚባል የወይን ፍሬ የሚሠራ ነጭ ወይን ነው፤ ጠርሙሱ ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ነው። ከጀርመን በመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ተገዝቶ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ይደርሳል፤ ብፌ ላይ ይቆምና በዓል ይጠብቃል። በዓሉ ሲመጣ ሳይቀዘቅዝ ይከፈታል፤ ግማሹ እንግዳ «ስኳር ውሃ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ኮምጣጤ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። ምን ዓይነት ጠርሙስ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ በማይሆነው ሙቀት፣ ከማይሆነው ምግብ ጋር ቀርቦ ነው። ሦስቱንም ማስተካከል ውድ ዕቃ አይጠይቅም፤ አንድ ባልዲ፣ በረዶ፣ ጨውና ጠርሙሱ ላይ ያለችውን አንዲት ቁጥር ማንበብ ይበቃል።

መጀመሪያ የአልኮል ቁጥሩን ይፈልጉ

ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በጀርመንኛ ስለሆነ አያስጨንቅዎ። ከፊት ወይም ከኋላ ባለው ወረቀት ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት ያለበት ቁጥር አለ፤ የአልኮሉ መጠን ነው። ለሞዘል ሪስሊንግ ይህ ቁጥር ጣፋጭነቱንም ይናገራል። ከ7.5 እስከ 9.5 ካለ ጣፋጭ ነው። ከ10 እስከ 11 ካለ መካከለኛ ነው። ከ11.5 በላይ ከሆነ ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ነው፣ ወይም ለደረቅ በጣም የቀረበ።

ምክንያቱን ጠጅ የሚጥል ሰው ቶሎ ይረዳዋል። እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮል ያደርገዋል፤ በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይወጣዋል። ብርዙ ገና ጣፋጭ ሳለ መፍላቱ ቢቆም ቀላልና ጣፋጭ መጠጥ ይቀራል፤ እስከ መጨረሻው ከፈላ ጠንካራና ደረቅ ጠጅ ይሆናል። የሞዘል ባለሙያ ጣፋጩን ሲሠራ በርሜሉን በማቀዝቀዝና እርሾውን በማጣራት መፍላቱን መሃል መንገድ ላይ ያስቆመዋል። ስለዚህ 8 በመቶ የሚል ጠርሙስ ውስጥ በሊትር 40 ወይም 50 ግራም ስኳር ቢኖር አይገርምም። ኮካ ኮላ በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ልዩነቱ ግን በመጠን ብቻ አይደለም። ሪስሊንግ በሊትር ከ7 እስከ 9 ግራም አሲድ ስላለው ስኳሩ ምላስ ላይ አይለጠፍም፤ ሎሚ በማር እንደሚጠጣው ነው።

ቃላቱን ለሚፈልግ ደግሞ፦ «ትሮክን» በላቲን ፊደል በቲ የሚጀምር ባለ ሰባት ፊደል ቃል ነው፤ ደረቅ ማለት ነው። ሕጉ በሊትር እስከ 9 ግራም ስኳር ይፈቅድለታል፣ አሲዱ ከስኳሩ ከ2 ግራም በላይ እስካላነሰ ድረስ። «ሃልብትሮክን» ከፊል ደረቅ ነው፤ ጣሪያው 18 ግራም ነው። «ፋይንሄርብ» የሚለውም መካከለኛ ነው፤ ግን በሕግ የተለካ ቃል ስላልሆነ አምራቹ እንደመሰለው ይጽፈዋል። እዚያ ላይ ቁጥሩን ይመኑ።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው የሚሳሳተው በደረጃ ስሞቹ ነው። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ዛሬ ባሉበት መልክ በፈረንጅ 1971 የወይን ሕግ የተደነገጉ ሲሆን፣ የሚለኩት ፍሬው ሲለቀም የነበረበትን ብስለት እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ስኳር አይደለም። ካቢኔት ቀላሉ ነው። ሽፔትሌዘ ዘግይቶ የተለቀመ፣ አውስሌዘ ተመርጦ የተለቀመ ማለት ነው። «ሽፔትሌዘ ትሮክን» የሚል ደረቅ ወይን አለ፤ ከጎኑ ትሮክን የማይል ሽፔትሌዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ነው። አንድ ወጥመድ አለ፤ «ትሮክንቤረንአውስሌዘ» የሚለው ረጅም ቃል በትሮክን ስለሚጀምር ደረቅ ይመስላል። ደረቅ የተባለው ወይኑ ሳይሆን ግንዱ ላይ እንዳለ እንደ ዘቢብ የደረቀው ፍሬ ነው። ወይኑ ከሁሉም የሚጣፍጠው ነው፤ ብዙ ጊዜ በግማሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ዋጋውም እንደዚያው። በስጦታ ከደረሰዎ ከምሳ ጋር አይክፈቱት፣ በትንሽ መለኪያ ለብቻው ይቅረብ።

ዓመቱን በተመለከተ፦ ጠርሙሱ ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ነው፣ ፍሬው የተለቀመበት። ሪስሊንግ ዘግይቶ ስለሚበስል 2021 የሚለው በእኛ 2014 መጀመሪያ ወራት የተለቀመ ነው። 2021 ሞዘል ላይ ቀዝቃዛ ዓመት ስለነበረ ወይኑ ሹል ነው፤ 2018 ሞቃት ስለነበረ ሞላ ያለ ነው። ምርጫ ካለዎት ለቅቤና ለበርበሬ ሹሉን ይውሰዱ።

የቦታ ስሞቹ ላይ ብዙ አይቆዩ፤ ግን አንድ ነገር ገንዘብ ያድናል። መጀመሪያ የመንደሩ ስም ይመጣል፣ በመጨረሻው «ኤር» የሚል ድምፅ ተጨምሮበት፤ ቀጥሎ የማሳው ስም። «ቬሌነር ዞነንኡር» ማለት ቬለን መንደር ያለው «የፀሐይ ሰዓት» የተባለ ማሳ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ በፈረንጅ 1842 የተሠራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ስላለ። «ፒስፖርተር ጎልድትሮፕፍሸን» እውነተኛ ማሳ ነው። «ፒስፖርተር ሚሼልስበርግ» ግን ማሳ ይመስላል እንጂ የብዙ መንደሮች ወይን በጅምላ የሚሸጥበት የወል ስም ነው። በአንድ ዋጋ ሁለቱን ካዩ የመጀመሪያውን ይውሰዱ። ጠርሙሱ አንገት ላይ ወይን ዘለላ ደረቱ ላይ የያዘ ንስር ካለ፣ በፈረንጅ 1910 የተመሠረተው የጀርመን ምርጥ አምራቾች ማኅበር አባል የሠራው ነው። «ሪስሊንግ» የሚል ቃል ከሌለ ደግሞ ሞዘል ስለተባለ ብቻ ሪስሊንግ ነው ብለው አይቁጠሩ፤ እዚያው ሸለቆ ሌላም ፍሬ ይበቅላል።

ወሎ ውስጥ ገደል ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ይህን ሸለቆ ቢያይ አይደነቅም። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የተባለው ማሳ እስከ 65 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ለቀማው በእጅ ነው። አፈሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገላለጠ የሚሰበር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የወሰደውን የፀሐይ ሙቀት ማታ ለግንዱ ይመልሳል። አገሩ ለወይን በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ አሲዱም ሳይጠፋ ይለቀማል። ምግባችን ላይ የሚጠቅመው ይኸው አሲድ ነው።

መንገድና ማስቀመጫ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወይኑ የሚበላሸው ደብረ ብርሃን ላይ አይደለም። ከጣርማ በር ወርደው ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ከሚሴ ሲደርሱ ነው። ምሳ ለመብላት መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ወይኑ ይሰፋል፣ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል፣ አየር ይገባል። ጠርሙሱን ማለዳ በቀዘቀዘበት በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያኑሩት፤ ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ፣ በተለይ ከጭስ ማውጫው በላይ፣ አይጫን። ምሳ ቤት ሲወርዱ ይዘውት ይውረዱ፤ ያስቃል፣ ግን ያዋጣል።

ቤት ሲገባ ብፌ ላይ መቆሙ ለዓይን እንጂ ለወይኑ አይሆንም። ብርሃንም ሙቀትም አለበት፤ ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ሙቀቱም መንቀጥቀጡም አያቋርጥም። የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ጨለማና የማይለዋወጥ ቦታ ነው። ደሴ ላይ ይህን ማግኘት ቀላል ነው፦ ፀሐይ የማይመታው ክፍል፣ አልጋ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ በካርቶን ውስጥ። የጭቃ ግድግዳ ከብሎኬት ይሻላል፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋርማ አይወዳደርም። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚልና ስለሚሞቅ እዚያ ለወራት ከማቆየት ፍሪጅ ታችኛው መሳቢያ ይሻላል። ጓዳ ጥሩ ነው፣ ከምድጃው ከራቀ።

ክዳኑ ቡሽ ከሆነ ጠርሙሱ ይተኛ፤ ቡሹ እርጥብ ካልሆነ ይደርቅና ያስተነፍሳል። ተጠማዛዥ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም። የጠርሙሱ ቁመት ከተለመደው ወይን ጠርሙስ ስለሚበልጥ ፍሪጅ በር ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ አስቀድመው ለክተው ቦታ ያዘጋጁ። በሩን በግድ ሲገፉት አንገቱ ይሰበራል።

ማቀዝቀዝ

ካቢኔትና ሽፔትሌዘ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ጥሩ ደረቅ ሪስሊንግ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆን ያምርበታል። ከዚያ በላይ ከሞቀ ስኳሩ ይከብዳል፣ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። 4 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሽታው ይዘጋና ጎምዛዛነቱ ብቻ ይቀራል፤ «ኮምጣጤ» የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ፍሪጅ ካለና መብራት ካልጠፋ፣ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። አድሮ ከሆነ ከመቀዳቱ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይውጣ። ፍሪዘር ውስጥ አይርሱት፤ ወይኑ ሲረጋ ይሰፋና ቡሹን ያወጣዋል ወይም ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል።

እንግዳው ደጅ ደርሶ ጠርሙሱ ገና ሞቃት ከሆነ ባልዲ ያምጡ። ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ውሃ፣ ሁለት እፍኝ ጨው። በረዶ ብቻውን አይሠራም፤ በበረዶዎቹ መካከል ያለው አየር ነው፣ ጠርሙሱን በየነጥቡ ብቻ ይነካዋል። ውሃው ዙሪያውን ይይዘዋል፣ ጨው ደግሞ ውሃው ከዜሮ በታች ወርዶም እንዳይረጋ ያደርገዋል። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ይጥለቅ፤ በየሦስት ደቂቃው በእጅዎ ያሽከርክሩት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ባልዲው አጭር ከሆነ ላይኛው ሩብ ሞቃት ሆኖ ስለሚቀር የመጀመሪያውን ብርጭቆ አይመዝኑበት።

በረዶም መብራትም ከሌለ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደሴና ላሊበላ ላይ ሌሊቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። ማታ ሰገነት ላይ ወይም መስኮት ደፍ ላይ ያኑሩት፣ ፀሐይ ሳትወጣ አውርደው በጋቢ ጠቅልሉት፤ ለምሳ ይደርሳል። ቀን ላይ ከሆነ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ያቁሙት፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየረጩ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ በደረቁ ወራት በደንብ ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ጨርቁ አይተንም፣ አይድከሙ።

በረዶ ብርጭቆ ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም። 8 በመቶ የሆነ ወይን ቀድሞውኑ ቀጭን ነው፤ ሁለት ጠጠር በረዶ ሲሟሟበት ምንም አይቀረውም።

መክፈትና መቅዳት

የአንገቱን ሽፋን ከከንፈሩ በታች ዙሪያውን ቆርጠው ያንሡ፤ ከሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። የቡሽ መክፈቻውን መሃል ላይ ተክለው በቀጥታ ያሽከርክሩ፣ አንድ ጥምዝ እስኪቀር። ቡሹ ከተሰበረ ከጎን አይወጥሩት፤ መክፈቻውን አዘንብለው ቀሪውን ይያዙት። ከነጭራሹ ወደ ውስጥ ከገባም ወይኑ አልተበላሸም፤ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ወደ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡት።

ብርጭቆው ከ250 እስከ 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ እግር ያለውና አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ብርሌ ለጠጅ የተፈጠረ ነው፤ እዚህ ግን አንገቱ ስለሚጨበጥ እጅ ወይኑን ያሞቀዋል፣ አፍንጫም አይገባበትም። ብርጭቆውን ሲያወጡ ያሽትቱት። ብፌ ውስጥ የከረመ ብርጭቆ የእንጨትና የቀለም ሽታ ይይዛል፤ በሞቀ ውሃ ብቻ አለቅልቀው አየር ላይ ያድርቁት። በሳሙና የታጠበና በደንብ ያልተለቀለቀ ብርጭቆ የሪስሊንግን የአበባና የአፕል ሽታ ይገድለዋል።

750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ120 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ስድስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለስድስት ጠጪ ሁለት ጠርሙስ ይያዙ፤ ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል። ብርጭቆውን አይሙሉ። እዚህ አገር ጎደሎ መቅዳት ንፉግ ያስመስላል፤ ቢሆንም ግማሽ ሳይሞላ መቅዳትና ቶሎ ቶሎ መጨመር ይሻላል፣ ያለዚያ ሞቆ ይጠጣል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወጣት ሪስሊንግ ውስጥ ትንሽ የተሟሟ ጋዝ አለ፤ በዚህ ከፍታ ቶሎ ይወጣል፣ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ደቃቅ አረፋ ይታያል። ጉድለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ቡናውን ይመለከታል። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ይህን ወይን አይቅዱ። እጣን የነካው ክፍል ውስጥ ሪስሊንግ ምንም አይሸትም። ወይኑ ከምግብ ጋር ይለቅ፤ ረከቦቱ ከዚያ በኋላ ይቅረብ።

ከምን ጋር?

እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ወይን ከምግቡ ያነሰ አሲድ ካለው አፍ ውስጥ ውሃ ይሆናል፤ ብዙ ሞቃት አገር ነጭ ወይኖች ከእንጀራ ጋር ልፍስፍስ የሚሉት ለዚህ ነው። ሪስሊንግ ከእንጀራ ጋር የሚቆም አሲድ አለው።

በርበሬ ሁለተኛው ፈተና ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ 14 በመቶ የሆነ ቀይ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር የጠጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጉሮሮው ይነዳል። ስኳር ደግሞ ያበርደዋል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ፣ ለቀይ ሥጋ ወጥ፣ አዋዜ ለተነካ ጥብስ ከ8 እስከ 9 በመቶ ያለውን ጣፋጭ ካቢኔት ወይም ሽፔትሌዘ ይምረጡ። ወጡ ሲያቃጥል ስኳሩ ይይዘዋል፣ አሲዱ ቅቤውን ከምላስ ላይ ያጥበዋል፣ አልኮሉ ትንሽ ስለሆነ እሳት አይጨምርም። «ጣፋጭ ወይን ከምግብ ጋር አይሄድም» የሚለው አባባል በርበሬ ለማይበሉ ሰዎች የተባለ ነው። ወጡን ሳይቀምሱ ወይኑን ብቻውን የቀመሰ ሰው ጣፋጭነቱ ይበዛበታል፤ ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ እንዲቀምሰው ያድርጉ። ያኔ ስኳሩ ግማሽ የቀነሰ ይመስለዋል።

ደረቁ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የሐይቅ ዓሣ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት፣ «ትሮክን» የሚለው ጠርሙስ የሚከፈተው ያኔ ነው። ከዓሣው ጋር ዳጣ ካቀረቡ ግን ወደ ሃልብትሮክን ይውረዱ። ጎመን በሥጋ፣ አይብ፣ አልጫ፣ የተቀቀለ ድንች ከደረቁም ከመካከለኛውም ጋር ይስማማሉ። ሽሮና ምስር ወጥ እንደ በርበሬያቸው ነው፤ ቀይ ከሆኑ ጣፋጩን፣ አልጫ ከሆኑ ደረቁን።

የማይሆኑትም አሉ። ስናፍጭ አፍንጫን ስለሚወጋ የወይኑን ሽታ ሁሉ ይሸፍነዋል። ዱለት ውስጥ ያለው ጉበት ደረቁን ሪስሊንግ የብረት ጣዕም ያሰጠዋል። ማር የተቀባ ዳቦና ኬክ ደግሞ ካቢኔቱን ሎሚ ያስመስሉታል፤ ሕጉ ቀላል ነው፣ ወይኑ ከሚበላው ይበልጥ መጣፈጥ አለበት። ከምግብ በኋላ ማንጎ ወይም ብርቱካን ካለ አውስሌዘ ይስማማል።

ደግሞ ወሎ ነው። በአንድ ገበታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም ይቀመጣል። ሥጋው ለየብቻ እንደሚታረደው ሁሉ የወይኑም ብርጭቆ ለየብቻ ይሁን፤ ትሪውም፣ የሚታጠብበትም። ወይን ምግብ ውስጥ ከገባ ዓሣው ላይ የተንጠባጠበውም ቢሆን ሳይነገር አይቅረብ፤ «ሲበስል ይተናል» የሚለው ክርክር ገበታ ላይ አይነሣም። ለማይጠጣ እንግዳ የዚያኑ ዕለት የተበረዘ፣ ያልፈላ ብርዝ ወይም ጭማቂ በእኩል ክብር ይቅረብ። ከጀርመን የሚመጣ «አልኮል አልባ ሪስሊንግ» የሚባል አለ፤ እዚያ አገር ከ0.5 በመቶ በታች አልኮል ያለው ሁሉ በዚህ ስም ሊሸጥ ስለሚችል ዜሮ ነው ብለው ለሙስሊም እንግዳ አያቅርቡት። እንግዳው ራሱ ጠርሙሱን አይቶ ይወስን።

የተበላሸና ያልተበላሸ

እዚህ ብዙ ደህና ወይን ይደፋል። ጠርሙሱ ሥር ወይም ቡሹ ላይ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ጠጠር ካዩ ስኳር አይደለም፣ ብርጭቆም አይደለም። የወይኑ አሲድ በቅዝቃዜ ረግቶ የሠራው ጨው ነው፤ ጠርሙሱን አቁመው ያሳድሩትና ከላይ ቀስ ብለው ይቅዱት። ዕድሜ ያለው ሪስሊንግ ላምባ የመሰለ ሽታ ያመጣል፤ የፍሬው ተፈጥሮ ነው፣ ወዳጆቹ ፈልገው ይገዙታል። ነዳጅ አጠገብ ተቀምጧል ብላችሁ ሻጩን አትክሰሱ። ሲከፈት የክብሪት ሽታ ካለው ድኝ ነው፤ ብርጭቆውን አሽከርክረው አምስት ደቂቃ ይተዉት፣ ይሄዳል።

እውነተኛ ብልሽት እነዚህ ናቸው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጆንያ የሚሸት ከሆነ ቡሹ ነው ያበላሸው፤ ቢቆይም አይሻሻልም። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ ተቆርጦ የቆየ አፕል የሚሸት ከሆነ አየር ገብቶታል። ወጣቱ ወይን ከሆነ ሙቀት ነው፣ ምናልባት ከሚሴ ላይ። ቡሹ ከጠርሙሱ ከንፈር በላይ ብቅ ካለና ከሽፋኑ ሥር የሚለጠፍ ነገር ካገኙ ሙቀት እንደነካው ነው፤ ያው ቅመሱት፣ የተቀቀለ ፍሬ ካልመሰለ ይጠጣል። ጣፋጭ የነበረው ደመናማ ሆኖ በክዳኑ ሲተነፍስና በብዙ ሲያረፋ ግን ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቷል፤ ይደፋ።

የቡሽ ሽታ ስላለው ጠርሙስ ከሱፐርማርኬቱ ጋር ለመነጋገር ካሰቡ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሳይጠጣ ይመልሱት፤ ባዶ ጠርሙስ ይዞ «ተበላሽቶ ነበር» ማለት አይሠራም። ሆቴል ውስጥ ለሚያስተናግድም ያው ነው፦ ለእንግዳው ከመቅዳትዎ በፊት ጥቂት ቀድተው ያስቀምሱት፣ «ጥሩ ነው» ካለ በኋላ ለሌሎቹ ይቅዱ።

የተረፈው ክዳኑ ተመልሶ ፍሪጅ ይግባ፤ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይደለም፣ አየር የሚነካው ገጽ እንዲያንስ። ደረቁ ሦስት አራት ቀን፣ ጣፋጩ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። መብራት ከጠፋበት ቤት ከሆነ ግን ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይገልብጡት፤ ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ለዚህ ይሆናል፣ ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ።